የላሟ ሁለት ዋጋ

ከ1934 ጁን ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በድርቅ ከተመታው የደቡብ ዳኮታ ግዛት ከብት በገፍ ሲገዛ፣ ለእያንዳንዷ ላም ሁለት ዋጋ ይጽፍላት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጁን 1934 በእኛ ግንቦትና ሰኔ 1926 ላይ ይውላል።) ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናት ላም ከ6 እስከ 14 ዶላር የመግዣ ክፍያ ይቆረጥላትና 6 ዶላር የድጎማ ክፍያ ይታከልበታል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ለሆነው ጊደርና ወይፈን መግዣው ከ5 እስከ 10፣ ድጎማው 5 ዶላር ነው። ዓመት ላልሞላው ጥጃ መግዣው ከ1 እስከ 5፣ ድጎማው 3 ዶላር። ሲደመር ትልቋ ላም ቢበዛ 20 ዶላር፣ ጥጃው ቢያንስ 4 ዶላር ያወጣሉ።

ገዢው አንድ፣ ከብቷም አንዲት ሆና ሳለ ዋጋው ለምን ሁለት ሆነ? መልሱ ያለው ባንክ ቤት ነው። በዚያ ዘመን በምዕራብ ደቡብ ዳኮታ ሣር የሚግጠው ከብት አብዛኛው በብድር የተያዘ ነበር። አርቢው ያረባታል፣ ያጠጣታል፣ በጋለ ብረት ምልክቱን ይተኩስባታል፤ ውሉ ላይ ግን ላሟ የአበዳሪው መያዣ ናት። መንግሥት ዋጋዋን በአንድ ቼክ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በአርቢው እጅ ሳያድር ወደ አበዳሪው ይሄድ ነበር። ስለዚህ ክፍያው ለሁለት ተከፈለ። በመግዣው ላይ ባለመያዣው መብቱን መጠየቅ ይችላል፤ ድጎማው ግን የአርቢው ብቻ ነው፣ ማንም አበዳሪ አይነካውም። አበዳሪው በሽያጩ ለመስማማት ይህን አምኖ መፈረም ነበረበት።

የዚያን ዓመት ከብት ግዢ የሚያወሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ለምግብ የማይሆኑት ከብቶች የተገደሉበትን ጥይትና የተቀበሩበትን ጉድጓድ ነው። እሱም ይነሣል። እኔ ግን የታሪኩ ዋና ነገር ያ 6 ዶላር ነው ብዬ አምናለሁ። በአደጋ ጊዜ የሚወጣ የመንግሥት ገንዘብ መጠኑ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ወደ አርቢው ቤት መግባት አለመግባቱን የሚወስነው በቅጹ ላይ የሰፈረው የአከፋፈል ሥርዓት ነው። ይህን ለማየት በአንድ ካውንቲ ላይ ማተኮር ይሻላል፤ የመረጥኩት ፔኒንግተንን ነው።

ፔኒንግተን ካውንቲ በደቡብ ዳኮታ ምዕራባዊ ጫፍ ከዋዮሚንግ ወሰን ይነሣል። ምዕራቡ በጥድ የተሸፈኑት የብላክ ሂልስ ተራሮች ናቸው፤ በተራሮቹ ግርጌ ራፒድ ሲቲ አለች። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ዛፉ ያልቅና የቼየን ወንዝን ተሻግሮ እስከ ባድላንድስ ድረስ ሜዳ ይሆናል። ባድላንድስ ውኃና ነፋስ የቦረቦሩት፣ ዝናብ ሲቀር እንደ ጡብ የሚደርቅ የሸክላ አፈር አገር ነው። በ1916 የወጣው የከብት አርቢዎች የሰፈራ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 640 ኤከር፣ ማለትም 259 ሄክታር ገደማ ይሰጥ ነበር። ዋሽንግተን ላለ ሰው ሰፊ ርስት ነው። በባድላንድስ ዳርቻ ግን አንዲት ላም ዓመቱን ለመዝለቅ የምትፈልገው ግጦሽ ብዙ ስለሆነ፣ ያ መሬት ቤተሰብ የሚያኖር መንጋ አይሸከምም። ሰፋሪው ጎዶሎውን የሚሞላው በብድር ነበር።

ብድሩ የተወሰደው ከብት ዋጋ በነበረው ጊዜ ነው። በ1929 መጀመሪያ በአገሪቱ የአንድ ከብት አማካይ ዋጋ 58 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ1934 መጀመሪያ ወደ 18 ዶላር ወርዷል። ዕዳው ግን አብሮ አልወረደም። ከ1920 እስከ 1934 ባለው ጊዜ ከደቡብ ዳኮታ የግዛት ባንኮች ከሦስቱ ሁለቱ በላይ ተዘግተው ነበርና፣ የተረፉት አበዳሪዎችም እፎይታ የሚሰጡበት አቅም አልነበራቸውም። ዋጋው ሲረክስ አርቢው ከመሸጥ ይልቅ ማቆየትን ስለመረጠ፣ የአገሪቱ የከብት ቁጥር በ1934 መግቢያ 74 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር ነው። ድርቁ የደረሰው በዚህ ሁሉ ከብት ላይ ነው።

ምልክቱ ቀድሞ ታይቷል። ኖቬምበር 12 ቀን 1933 ደቡብ ዳኮታን የሸፈነው የአቧራ ማዕበል ቀኑን አጨለመው። በ1934 ሜይ ከሜዳው የተነሣው አፈር ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ደርሶ አትላንቲክ ላይ ባሉ መርከቦች ላይ ወረደ። ሣሩ ሳይበቅል ቀረ፣ ኩሬዎች ደረቁ፣ የተረፈውን ፌንጣ ጨረሰው። ድርቆሽ ከሌላ ግዛት በባቡር ቢመጣም የመግዣ ገንዘብ የለም። የግዛቱ ገዥ ቶም ቤሪ ራሳቸው ከብት አርቢ ስለነበሩ የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት አስረጂ አላስፈለጋቸውም።

አርቢዎቹ ከአንድ ዓመት በፊት መንግሥትን አንፈልግም ብለው ነበር። በ1933 የግብርና ማስተካከያ ሕግ ሲረቀቅ የከብት አርቢ ማኅበራት መሪዎች ከብት "መሠረታዊ ምርት" ተብሎ በቁጥጥሩ ውስጥ እንዳይገባ ተከራክረው አስወጥተውታል። ዋጋው መውደቁን ሲቀጥል ተመልሰው መጡ፤ ኤፕሪል 7 ቀን 1934 የጆንስ–ኮናሊ ሕግ ከብትን አስገባው። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ጁን 9፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለድርቁ 525 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ሕጉ ጁን 19 ጸደቀ። ግዢው ግን ይህን ገንዘብ ሳይጠብቅ በጁን መጀመሪያ በዳኮታዎች ተጀምሮ ነበር። ለመንግሥት ሥራ ይህ ፈጣን ነው፣ ሊመሰገንም ይገባል።

በግዢው ላይ ያረፈ ጥላም ነበር። በ1933 የግብርና ሚኒስቴር የአሳማ ዋጋ ለማንሣት 6 ሚሊዮን ያህል አሳማና ግልገል አሳማ ገዝቶ አሳርዶ ነበር። ሰው እየተራበ ሥጋ ሲባክን ያየው ሕዝብ አልማረውም። የፌዴራል ትርፍ ምርት እርዳታ ድርጅት በኦክቶበር 1933 የተቋቋመው ለዚሁ ትችት መልስ ሆኖ ነው፤ መንግሥት የሚገዛውን ምግብ ለተቸገሩ ሰዎች እንዲያደርስ። በ1934 የተገዛው ከብት በተቻለ መጠን ታሽጎ ለእርዳታ ይውል የተባለው ያ ስህተት ስላልተረሳ ነው።

የግዢው ቀን አሠራር በየካውንቲው ያው ነበር። መጀመሪያ ካውንቲው የአስቸኳይ ድርቅ ቀጠና ተብሎ ይሰየማል። የካውንቲው የግብርና ሠራተኛና የአካባቢው ኮሚቴ ቀን ይቆርጣሉ። አርቢው መሸጥ የፈለገውን ከብት በረት ውስጥ ሰብስቦ ይጠብቃል። ገማቹ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ከብት የሚያውቅ የዚያው አካባቢ ሰው ነው። ከእሱ ጋር የፌዴራሉ የእንስሳት ሀብት ቢሮ መርማሪ አለ። ገማቹ ዕድሜዋንና ሥጋዋን አይቶ በተመደበው ወሰን ውስጥ ዋጋ ይጠራል። መርማሪው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይወስናል፤ ይህች ላም ባቡር ጣቢያ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ተጓጉዛ፣ ለሰው ምግብ ትሆናለች ወይስ አትሆንም? ትሆናለች ከተባለች ወደ ባቡሩ ትነዳለች። አትሆንም ከተባለች ምልክት ተደርጎባት እዚያው ትቀራለች፣ በጥይት ትገደላለች፣ ትቀበራለች።

እንድትገደል የተወሰነባት ላምም ይከፈልላታል። የሞት ፍርድ ያረፈባት ላም በዝቅተኛው ዋጋ ተገምታ መግዣዋ 6 ዶላር ቢሆን እንኳ ያው 6 ዶላር ድጎማ አላት። አንድ ቤተሰብ በዕዳ የተያዙ 40 ላሞች አሉት እንበል። ገማቹ በነፍስ ወከፍ 8 ዶላር ቢጠራላቸው 320 ዶላሩ የአበዳሪው ነው፤ ከዚህ ጎን 240 ዶላር ለቤቱ ይተርፋል። ድጎማው ባይለይ ኖሮ 40 ላሞቹን አስረክቦ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። በዚያ ክረምት 240 ዶላር ለተረፉት ጥቂት ከብቶች ድርቆሽ፣ ለልጆች ጫማ፣ ለመሬቱ ግብር የሚሆን ገንዘብ ነው። አበዳሪውም ቢሆን አልተበደለም። ሜዳ ላይ ብትሞት ኖሮ ሳንቲም የማያገኝባት ላም ስምንት ዶላር አስገብታለታለች፤ ባንኮቹ ፊርማውን ያልከለከሉት ለዚህ ነው።

ስለ ተኩሱ የሰዎች ምስክርነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንዳንድ ስፍራ ጎረቤት ቢላዋ ይዞ መጥቶ ከተገደሉት ለቤቱ የሚሆን ሥጋ እንዲቆርጥ ተፈቅዶለታል፤ በሌላ ስፍራ ተከልክሏል። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር አርቢዎቹ ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ማዞራቸው ነው። የወተት ላም በስሟ የምትጠራበት ቤት ውስጥ፣ በክፍያ ሰነዱ ላይ "ዕድሜ ሁለትና ከዚያ በላይ፣ አንድ" ተብላ ስትጻፍ ማየት ቀላል አይደለም።

በባቡር የሄደው ከብት እጣው ብዙ ዓይነት ነበር። ብዙው በሥጋ ፋብሪካዎችና በእርዳታ ሥራ በተቋቋሙ ማሸጊያዎች በቆርቆሮ ታሽጎ ለሥራ አጦች ታደለ። ሌላው ሣር ወዳለባቸው ግዛቶች ተላከ። ጥቂት የማይባለው ደግሞ ለሕንዳውያን ጉዳይ ቢሮ ተላልፎ በቀደምት አሜሪካውያን ጥብቅ መሬቶች ለእርባታ ተሰጠ። በዚያው ዓመት ግን በደቡብ ምዕራብ የናቫሆ ሕዝብ ላይ የደረሰው ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ቢሮው ግጦሹ ተራቁቷል ብሎ ወደ 150 ሺህ ፍየሎችን አንዱን በአንድ ዶላር ያህል ለመግዛት ወሰነ። ስምምነቱን ያደረገው ከወንዶቹ ምክር ቤት ጋር ነው፤ በናቫሆ ባህል የመንጋው ባለቤቶች በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ባቡር ጣቢያ የራቃቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ፍየሎች በየሸለቆው ተገደሉ። የዳኮታው አርቢ ለመሸጥ የጠየቀ ሰው ነው፣ የናቫሆዋ እናት ግን አልጠየቀችም። የናቫሆ ቤተሰቦች ይህን እስከ ዛሬ እንደ በደል ይተርኩታል፤ እኔም ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ግዢው በ1935 መጀመሪያ ሲዘጋ መንግሥት በመላ አገሪቱ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ከብት ገዝቶ ከ111 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ነበር፤ በአማካይ ለአንድ ከብት ከ13 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው። ትልቁን ድርሻ የያዘችው ቴክሳስ ናት። ከደቡብ ዳኮታ ብቻ ከ900 ሺህ በላይ ተገዝቷል። ያም ሆኖ በዲሴምበር 1934 ከደቡብ ዳኮታ ሕዝብ 39 በመቶው በእርዳታ ላይ ነበር፣ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ከፍተኛው። ከብቱ የተሸጠለት ሰው ከዕዳው ቀለል አለ እንጂ መተዳደሪያው አብሮት ሄዷል።

በሽያጩ ውል ውስጥ አርቢው የፈረመው ሌላ ቃልም ነበር፤ ወደፊት መንግሥት የምርት ቅነሳ እቅድ ሲያወጣ እተባበራለሁ የሚል። ያ እቅድ ለከብት ሳይወጣ ቀረ፤ ጃኑዋሪ 6 ቀን 1936 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በበትለር ጉዳይ የግብርና ማስተካከያ ሕጉን ምሰሶ ሻረው። በረቱ አጥር ላይ የተፈረመው ግዴታ ሳይጠየቅ ቀረ።

ከብቱን የገዛው መንግሥት በቀጣዮቹ ዓመታት መሬቱንም መግዛት ጀመረ። የሰፈራ አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት በባድላንድስ ዙሪያ ለእርሻ አይሆኑም ያላቸውን ርስቶች ከፈቃደኛ ባለቤቶች ሰበሰበ፤ ሥራው በ1937 በባንክሄድ–ጆንስ ሕግ ቀጠለ። ከነዚያ መሬቶች ሰፊው ክፍል ከ1960 ጀምሮ ቡፋሎ ጋፕ ብሔራዊ የሣር ምድር ተብሎ ይጠራል። ዛሬ አርቢዎች በፈቃድ ከብት ያሰማሩበታል።

ፔኒንግተን በአገሪቱ ጋዜጦች ስሟ የተነሣው ግን በአንድ የራስ ቅል ነው። በሜይ 1936 የዚያው መሥሪያ ቤት ፎቶግራፍ አንሺ አርተር ሮትስታይን በካውንቲው ባድላንድስ ውስጥ የደረቀ የበሬ ራስ ቅል አግኝቶ፣ ጥቂት ሜትር አንቀሳቅሶ በተሰነጣጠቀ ጭቃ ላይ አነሣው። በኦገስት፣ ሩዝቬልት የድርቁን አገር በባቡር ሲጎበኙ፣ የሰሜን ዳኮታው ፋርጎ ፎረም ጋዜጣ ፎቶው የተቀነባበረ ነው ብሎ ጻፈ። የምርጫ ዓመት ስለነበር ተቃዋሚዎች ያዙት፤ ድርቁ ራሱ የመንግሥት ፈጠራ ነው እስከ ማለት የደረሱም ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ራፒድ ሲቲ ደርሰው ኦገስት 30 በራሽሞር ተራራ የጄፈርሰን ምስል ሲገለጥ የተገኙት በዚሁ ጭቅጭቅ መሃል ነው። ያን ሁሉ ክርክር ሳነብ የሚቆጨኝ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተፈረሙት የክፍያ ሰነዶች በየመዝገብ ቤቱ መኖራቸው ነው። ከአንድ ግዛት ከ900 ሺህ በላይ ከብት መሸጡን የሚያስረዳ ወረቀት እያለ፣ አገር በአንድ የራስ ቅል ይከራከር ነበር።

የማስረጃ ነገር በዚያው ካውንቲ በ2013 እንደገና ተነሣ። ኦክቶበር 3 በዝናብ የጀመረው ማዕበል በማግስቱ ወደ በረዶ ተለወጠ። እስከ ኦክቶበር 5 ራፒድ ሲቲ ላይ 58 ሴንቲሜትር ያህል በረዶ ወረደ፤ በተራሮቹ ላይ ከዚህ እጥፍ በላይ። ከብቱ ገና በሞቃት ወራት ግጦሹ ላይ ነበር፣ የክረምት ጠጉሩን አላወጣም። በዝናብ የራሰ ከብት ከኃይለኛው ነፋስ እየሸሸ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጓዘ፤ አጥር ሥር ተከማችቶ፣ ኩሬና ጅረት ውስጥ ገብቶ አለቀ። በረዶው ሲቀልጥ አርቢዎች ከጎረቤት መሬት ላይ የራሳቸውን ምልክት ቆዳው ላይ እያነበቡ ጥንብ ለዩ። በወሩ መጨረሻ ለግዛቱ ባለሥልጣናት የተነገረው ብቻ ወደ 14 ሺህ ከብት ደርሶ ነበር፤ ትክክለኛው ከዚያ እንደሚበልጥ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ጊዜው ከዚህ የከፋ ሊሆን አይችልም ነበር። የፌዴራል መንግሥት በበጀት አለመግባባት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ የካውንቲው የግብርና አገልግሎት ቢሮም እንደዚሁ። በ2008 ሕግ የተቋቋመው የእንስሳት ካሣ ፕሮግራም ሥልጣኑ በ2011 አልቆ፣ ተተኪው ሕግ በምክር ቤት ተንጠልጥሎ ነበር። በሌላ በኩል የግዛቲቱ ሕግ ጥንብ በ36 ሰዓት ውስጥ እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል ያዛል። ስለዚህ አርቢው፣ የሚቀበለው ቢሮ በሌለበት፣ ገና ላልወጣ ሕግ ማስረጃ እየሰበሰበ መቅበር ነበረበት። የግብርና ባለሙያዎችና ማኅበራት የሰጡት ምክር አንድ ነበር፤ ፎቶ አንሡ፣ ቁጠሩ፣ ቀኑን ጻፉ፣ በጉዳዩ ጥቅም የሌለው ሦስተኛ ሰው አስመስክሩ። በዚያ መሃል የከብትና የበግ አርቢ ማኅበራት ያቋቋሙት የእርዳታ ቋት ከሕዝብ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። የሌሎች ግዛቶች አርቢዎችም ጊደሮች በስጦታ ላኩ።

ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲሱን የግብርና ሕግ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2014 ፈረሙ። ሕጉ የእንስሳት ካሣውን ቋሚ አደረገው፤ ወደ ኋላም ተመልሶ ከኦክቶበር 1 ቀን 2011 ጀምሮ የደረሰውን ጉዳት ሸፈነ። ክፍያው ከአማካይ የገበያ ዋጋ 75 በመቶ ሲሆን፣ ለአንድ ሰው በዓመት የ125 ሺህ ዶላር ጣሪያ ተደረገበት። ምዝገባው ኤፕሪል 15 ተከፈተ፣ ከማዕበሉ ከስድስት ወር በኋላ። በ1934 መንግሥት የከፈለው በቁሟ ላለች ላም ነበር፤ ገማቹ በዓይኑ አይቷታል። በ2014 የሚከፈለው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ለተቀበረች ላም ነው። አርቢው ሁለት ነገር ማሳየት አለበት፤ ላሟ መሞቷን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በመንጋው ውስጥ መኖሯን። ለሁለተኛው ቢሮው ከሚቀበላቸው ወረቀቶች መካከል የሐኪም መዝገብ፣ ለግብር የተዘጋጀ ሒሳብና የባንክ ብድር ሰነድ ይገኙበታል። በአያቶቻቸው ዘመን ገንዘቡ እንዳይነካ ድጎማውን ከመያዣ ውጭ ማድረግ ያስፈለገበት ያው የብድር ውል፣ አሁን ላሟ እንደነበረች የሚመሰክር ወረቀት ሆነ። ያለ ዕዳ በራሱ ጥሪት የሚያረባ፣ መንጋውን በቃል የሚያውቅ አርቢ ግን ይህ ወረቀት አልነበረውም፤ በኤፕሪሉ ምዝገባ ፎቶውንና ምስክሩን ይዞ መቅረብ ነበረበት።